የግማሽ ዋት ማጉያ
በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ትንሽ የጊታር አምፕሊፋየር የቀረበ ንግግር




ኤሌክትሪክን በሙያነት ከያዙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ ማጉያ የሚያውቁትን የተማሩት በወረቀት ላይ ነው። የትራንዚስተሩን ጠባይ የሚያሳየውን መሥመር ስለው፣ የማጉላቱን መጠን በሂሳብ አግኝተው፣ ፈተናውን አልፈው ወደ ሥራ ዓለም ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በትራንስፎርመር፣ በማከፋፈያ ሣጥን፣ በጨረታ ሰነድና በሪፖርት መካከል ያልፋል። እንግዲህ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ጊታሩን ታቅፎ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለዚች ጊታር በባትሪ የሚሠራ ማጉያ ይሠሩልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መሐንዲሱ ነገሩን እንደ ቀላል ጨዋታ ቢቀበለው አያስገርምም። ስምንት እግር ያለው አንድ ቺፕ፣ ጥቂት ካፓሲተሮችና አንድ ስፒከር ከተገኙ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ለእራት የሚደርስ ሥራ ይመስላል። ለእራት ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ከሣጥኑ የሚወጣው የጊታር ድምፅ ሳይሆን ፉጨት ነው።

ይህ ንግግር የሚመለከተው ያን ፉጨትና ከበስተኋላው ያለውን ምክንያት ነው። የትንሽ ማጉያ መልካምነት የሚወሰነው በዋት ብዛት አይደለም፤ በመካከሉ የተቀመጠውም ቺፕ ሥራውን ከሞላ ጎደል ጨርሶ ከፋብሪካ የወጣ ነው። ለሠሪው የሚቀርለት ጊታሩ ከማጉያው የሚገናኝበት፣ ጅረቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበትና ስፒከሩ ከአየሩ የሚገናኝበት ቦታ ነው። በነዚህ ሦስት ቦታዎች የተሳሳተ ሰው የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢገዛ አይድንም።

አስቀድሞ ስለ ትራንዚስተር ማጉያ ስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪ የተገኘው በ1947 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ጊታር ማጉያ በሰፊው የገባው በ1960ዎቹ ነው። የታወቀው የፌንደር ኩባንያ በ1966 ሙሉ የትራንዚስተር ማጉያዎችን ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን የቫልቭ ድምፅ የለመደው ሙዚቀኛ አልወደዳቸውም። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ቀስ አድርጎ ያጎብጠዋል፤ ትራንዚስተር ግን በምላጭ እንደተቆረጠ ያህል ድንገት ይቆርጠዋል። ጆሮ ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል። ይሁንና በ1975 የወጣው የሮላንድ ጄሲ-120 በንጹሕ ድምፁ የራሱን ወዳጆች አፍርቷል። በ1973 የወጣው ፒግኖዝ ደግሞ፣ ስሙም የአሳማ አፍንጫ ማለት ነው፣ በ6 ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ 5 ዋት ማጉያ ሆኖ ሳለ ታላላቅ ሙዚቀኞች እጅ ገብቷል። የድምፁ መቆጣጠሪያ ቁልፍ በእርግጥም በአሳማ አፍንጫ አምሳል የተሠራ ነው። ቀልዱ ለገበያው ሳይረዳው አልቀረም።

ለቤት ሠሪ ትራንዚስተር የሚመረጥበት ምክንያት ግን ከድምፅ ጣዕም ይቀድማል። የቫልቭ ማጉያ በውስጡ 300 ቮልትና ከዚያም በላይ ይዟል፤ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ያን ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ብየዳ በሚሞክር ወጣት ፊት እንዲህ ያለውን ነገር ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። 9 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ በአንጻሩ ቺፑን ቢያቃጥል እንጂ ሰውን አይጎዳም።

ቺፑ ኤልኤም386 ይባላል። በ1970ዎቹ በናሽናል ሴሚኮንዳክተር የተዘጋጀ ሲሆን፣ ያ ኩባንያ በ2011 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተጠቅልሏል። ያለ ሥራ ሲቀመጥ የሚወስደው ጅረት 4 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ተጨማሪ ዕቃ ሳይጠይቅ ሲግናሉን 20 ጊዜ ያጎላል፤ በ1ኛውና በ8ኛው እግር መካከል የ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲገባበት ደግሞ 200 ጊዜ ያጎላል። በ9 ቮልት ሲሠራና የ8 ኦም ስፒከር ሲሸከም፣ የመውጫው ቮልቴጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ቮልት ያህል ይወዛወዛል። 6 በ6 ተባዝቶ፣ 8 በ8 ለተባዛው ሲካፈል 0.56 ዋት ይሆናል። እንግዲህ በርእሱ ላይ የተጠቀሰው ግማሽ ዋት ይኸው ነው።

«ግማሽ ዋት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በአንዳንድ የቴፕ ሣጥን ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተጽፎ እያየ ያደገ ሰው ቢሥቅ አይፈረድበትም፤ ምንም እንኳ ያው ሣጥን የሚሠራበት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 2 አምፔር አዳፕተር ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ከ24 ዋት ባይበልጥም። ጆሮ ዋትን የሚቆጥረው እንደ ነጋዴ አይደለም። በጥቅሉ ሲነገር፣ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ 10 ጊዜ መጨመር አለበት። ስለዚህ የ50 ዋት ማጉያ ከግማሽ ዋቱ በኃይል 100 ጊዜ ሲበልጥ፣ በጆሮ ግን የሚበልጠው 4 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ለመኝታ ክፍል፣ ለመለማመጃ፣ በተለይም ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤት፣ ሩብ የሆነው ድምፅ ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አይታይም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቦታ፣ ማለትም ጊታሩ ከማጉያው ወደሚገናኝበት እንሂድ። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ በብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። በኦም መለኪያ ሲለካ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ኦም ያህል ያሳያል፤ ይህንን ቁጥር ያየ ሰው 50 ኪሎ ኦም የሆነው የቺፑ መግቢያ ከበቂ በላይ ነው ብሎ ይደመድማል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህ ድምዳሜ ነው። ጥቅሉ 3 ሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ አለውና፣ በ100 ኸርዝ እምቢታው ወደ 2 ኪሎ ኦም ብቻ ሲሆን በ5000 ኸርዝ ግን 94 ኪሎ ኦም ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ላይ ወደ 50 ኪሎ ኦሙ መግቢያ የሚደርሰው ሲግናል ከግማሽ ያንሳል። የጊታሩ ብሩህነት፣ ጣት ክሩን የነካበት ጠርዝ ሁሉ፣ ወደ ማጉያው ሳይገባ በር ላይ ይቀራል። ሠሪው ግን ጥፋቱን በስፒከሩ ያመካኛል።

መድኃኒቱ አንድ ኤፍ.ኢ.ቲ. ትራንዚስተር ነው። በሩ ላይ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይደረግለታል፤ ከሶርሱ በታች 3.9 ኪሎ ኦም ያህል ይቀመጥለታል፤ ሲግናሉ ከሶርሱ ላይ በካፓሲተር ተቀድቶ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ከዚያም ወደ ቺፑ ይሄዳል። ይህ ክፍል ሲግናሉን አያጎላም፤ እንዲያውም ጥቂት ይቀንሰዋል። ጀማሪ የሚያጎላ ነገር ብቻ እየፈለገ ይህን የማያጎላውን ክፍል በከንቱ ወጪነት ይቆጥረዋል። ነገር ግን በሥራው ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የሚያመጣ ትራንዚስተር የለም።

ስለ ማጉላቱ መጠንም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ሠሪ 200ን ይመርጣል፤ ከ20 ስለሚበልጥ። ሂሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። መውጫው ከመካከል ወደ አንድ ወገን ሊወዛወዝ የሚችለው 3 ቮልት ብቻ ከሆነ፣ በ20 ማጉላት ሙሉ ድምፅ ለማግኘት 150 ሚሊ ቮልት ይበቃል። በኃይል የተመታ ጊታር ይህን ያህል ያለችግር ይሰጣል። በ200 ማጉላት ግን 15 ሚሊ ቮልት ሲገባ የሞገዱ ጫፍ መቆረጥ ይጀምራል። ሻካራውን ድምፅ የሚሻ ተጫዋች ይህን ሆን ብሎ ሊፈልገው ይችላል፤ መብቱም ነው፤ ስለዚህ ከ10 ማይክሮ ፋራዱ ጋር ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ሁለቱንም ያስማማል። ድምፁ ከፍ እንዲልለት ብቻ 200ን የመረጠ ሰው ግን የሚያተርፈው እሽታና ፉጨት ነው።

ፉጨቱ ከየት ይመጣል? ይህ ሁለተኛው ቦታ ነው፤ ጅረቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት። በሥዕሉ ላይ ግራውንድ አንድ ምልክት ነው፤ በየቦታው ይሳላል፤ ሁሉም አንድ ነጥብ እንደሆነ ይታሰባል። በሣጥኑ ውስጥ ግን ግራውንድ ሽቦ ነው፤ ሽቦም ሬዚስታንስ አለው። ከስፒከሩ የሚመለሰው ጅረት በጫፉ 0.375 አምፔር ይደርሳል። ይህ ጅረት የጊታሩ ግራውንድ በሚጠቀምበት በዚያው ቀጭን ሽቦ ቢያልፍና፣ የሽቦውና የደካማው ብየዳ ሬዚስታንስ ተደምሮ 0.05 ኦም ብቻ ቢሆን፣ በሽቦው ላይ ወደ 19 ሚሊ ቮልት ይፈጠራል። ይኸውም ለ200 ማጉላት ከሚበቃው ከ15 ሚሊ ቮልት ይበልጣል። እንግዲህ የመውጫው ሲግናል በሚያግዝ አቅጣጫ ወደ መግቢያው ከተመለሰ፣ ማጉያው ከጊታሩ ምንም ሳይጠብቅ ራሱን በራሱ እየመገበ ይጮኻል። በ20 ማጉላት ግን ያው ስሕተት የሚመልሰው ከሚያስፈልገው አንድ ስምንተኛ ያህሉን ስለሆነ ጩኸቱ አይነሣም። አንዱን ማጉያ ዝም ያሰኘው፣ ሌላውን ያስጮኸው፣ በሥዕሉ ላይ ጨርሶ የማይታይ 0.05 ኦም ነው። ወረቀት ይህን አያስተምርም።

ስለዚህ የስፒከሩ መመለሻ፣ የቺፑ 4ኛ እግርና የመግቢያው ግራውንድ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ መጥተው በአንድ ነጥብ፣ የባትሪው አሉታዊ ሽቦ በሚያርፍበት ቦታ፣ እንዲገናኙ ማድረግ ይገባል። የማይሠራበት 2ኛ እግርም ወደ መግቢያው ግራውንድ ይታሰራል። በአዎንታዊው በኩል ደግሞ ከ6ኛው እግር አጠገብ 100 ማይክሮ ፋራድና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ይቀመጣሉ፤ «አጠገብ» ሲባል በጣት ስፋት ውስጥ ማለት ነው፤ በሣጥኑ ማዶ ቢቀመጡ ጥቅማቸው ይቀንሳል። ከመውጫው ከ5ኛው እግር ወደ ግራውንድ 10 ኦምና 47 ናኖ ፋራድ ተከታትለው ይገባሉ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን «ድምፅ አይለውጡም» ብሎ ይዘላቸዋል። እውነት ነው፣ የሚሰማውን ድምፅ አይለውጡም፤ ጆሮ በማይሰማው ከፍታ ቺፑ እንዳይንቀጠቀጥ ግን ይይዙታል።

ስለ ባትሪው ባጭሩ። አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለአያያዝ ቢመችም ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። በሙሉ ድምፅ ጊዜ ማጉያው በአማካይ 120 ሚሊ አምፔር ያህል ይጠይቃል፤ ባትሪው በውስጡ ባለው ሬዚስታንስ ምክንያት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በመሥመር የተያያዙ 6 ተራ የባትሪ ድንጋዮች ያንኑ 9 ቮልት ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይቆያሉ። ማጉያው ክፍት ሆኖ እንዳይረሳ ደግሞ ለመግቢያው ባለ ሦስት ግንኙነት ጃክ ተገዝቶ የባትሪው አሉታዊ ሽቦ በመካከለኛው ግንኙነት ላይ ይታሰራል፤ የጊታሩ ገመድ ሲሰካ ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ከ220 ቮልቱ መሥመር በአዳፕተር መጠቀም የሚሻ ሰው የእሽታና የእምምታ ነገር አዲስ ምዕራፍ እንደሚከፍትበት ይወቅ።

ሦስተኛው ቦታ ስፒከሩ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም፣ ከሁሉ የሚናቀውም እርሱ ነው። ከትንሽ ሬዲዮ የወጣ ስፒከር 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ሲለካ 85 ዴሲቤል ያህል ሲሰጥ፣ ለጊታር የተሠራ ባለ 12 ኢንች ስፒከር 97 ዴሲቤል ይሰጣል። ልዩነቱ 12 ዴሲቤል፣ በኃይል ሲተረጎም 16 ጊዜ ያህል ነው። ግማሽ ዋታችን በትልቁ ስፒከር ላይ 94 ዴሲቤል ያወጣል። ይህንኑ ከትንሹ ስፒከር ለማውጣት 8 ዋት ያስፈልግ ነበር፤ የትንሹ ስፒከር ጥቅል ሽቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል ኃይል አይችልም። እንግዲህ ገንዘቡን ከፍ ላለ ቺፕ ከማውጣት ይልቅ ከአሮጌ ሬዲዮ ወይም ከተበላሸ የሙዚቃ ሣጥን ባለ 8 ኢንች ስፒከር መፈለግ ይሻላል። ሰፊ የሆነ ወረቀት ብዙ አየር ይገፋል፤ ነገሩ ከዚህ አይወሳሰብም። የተገኘው ስፒከር በኦም መለኪያ ሲለካ 6 ወይም 7 ኦም ካሳየ ባለ 8 ኦም ነው ማለት ነው። 3 ኦም አካባቢ ካሳየ ባለ 4 ኦም ስለሆነ ቺፑን ያግለዋል፤ ሌላ መፈለግ ይገባል።

በቺፑና በስፒከሩ መካከል ያለው ካፓሲተርም ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይታሰባል። 220 ማይክሮ ፋራድ ከ8 ኦም ጋር 90 ኸርዝ ላይ መቀነስ ይጀምራል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ኸርዝ ነው። ለትንሽ ስፒከር ይህ አይጎዳም፤ እርሱ ቀድሞውንም ያን ዝቅታ አያወጣውም። ባለ 8 ኢንች ለገጠመ ሰው ግን 470 ማይክሮ ፋራድ ይመከራል። ስፒከሩ ያለ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከፊቱ የገፋው አየር ወደ ኋላው ዞሮ ስለሚጠፋ ድምፁ የቀጠነ ይሆናል። ሣጥኑ ከጠንካራ ኮምፔንሳቶ ቢሠራ መልካም ነው፤ የኋላው ክዳን ግማሽ ክፍት ቢሆንም ይሠራል። የሚንቀጠቀጥ ክዳንና ያልጠበቀ ብሎን ግን ከማንኛውም ቺፕ የባሰ ድምፅ ያበላሻል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ክራር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ማጉያው ለጊታር ብቻ የሚሆን አይደለምና። ክሩ ብረት ያልሆነ ክራር ማግኔታዊ ፒክአፕ አይሰማውም። ስለዚህ ከማንቂያ ደወል ውስጥ የሚገኘው ስስ የነሐስ ክብ፣ ማለትም ፒዬዞው፣ በክራሩ ገላ ላይ ይለጠፋል። ፒዬዞ በጠባዩ ካፓሲተር ነው፤ 20 ናኖ ፋራድ ያህል ይሆናል። በቀጥታ ወደ ቺፑ 50 ኪሎ ኦም ቢገባ ከ160 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጊታሩ ቀጭኑን ድምፅ ሲያጣ ክራሩ ወፍራሙን ያጣል ማለት ነው። ያው 1 ሜጋ ኦም ያለው ኤፍ.ኢ.ቲ. ለሁለቱም መድኃኒት ይሆናል፤ ጉድለቱን ወደ 8 ኸርዝ፣ ማለትም ጆሮ ወደማይደርስበት ያወርደዋል። ፒዬዞው በሣጥኑ ንዝረት እንዳይፎጭ ክራረኛው ከማጉያው ራቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል።

በመጨረሻ ስለ መጀመሪያው ማብራት። ቺፑ በቀጥታ ሳይበየድ በሶኬት ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። ባትሪው ከመገናኘቱ በፊት በአዎንታዊው ሽቦ ላይ ሚሊ አምፔር መለኪያ ይገባል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ ጊታሩ ይሰካል እንጂ አይመታም። መለኪያው 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ካሳየ ደኅና ነው። ቀጥሎ የ5ኛው እግር ቮልቴጅ ይለካል፤ የባትሪው ግማሽ፣ ማለትም 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ዜሮ ወይም ሙሉ 9 ቮልት ከሆነ ቺፑ ተገልብጦ ገብቷል፣ ወይም አንድ ብየዳ አልያዘም። ድምፅ ሳይሰማ መለኪያው ብዙ አሥር ሚሊ አምፔር ካሳየና ቺፑ ለጣት ከሞቀ፣ ጆሮ በማይሰማው ከፍታ እየተንቀጠቀጠ ነው። ያን ጊዜ ሠሪው አዲስ ቺፕ ለመግዛት ከመነሣቱ በፊት የ10 ኦሙንና የ47 ናኖ ፋራዱን ብየዳ፣ ቀጥሎም ከ6ኛው እግር አጠገብ የተቀመጠውን ካፓሲተር፣ ከዚያም የስፒከሩ መመለሻ ሽቦ በእርግጥ የት ላይ እንዳረፈ በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምር።